ገጠር በሪሞት

የእህቴ ባል አዲስ ዕቃ የገዛ ቀን ገና ከበር ሲገባ ያስታውቃል። አንድ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ፣ "ምን ይዘህ መጣህ?" እስኪባል ድረስ ሰው ዙሪያ ይሽከረከራል። የሚጠይቀው ካጣ ደግሞ ኪሱ ውስጥ ያለው ነገር ራሱ ይጮኽለታል።

ይህን የማወራው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለ ዘጠናዎቹ መጨረሻ ነው። እሱና እህቴ ኢየሩሳሌም፣ ኢትዮጵያ መንገድ አጠገብ፣ ከአንድ አሮጌ የድንጋይ ቤት ጀርባ ሁለት ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። እኔ ከዚያ ወረድ ብሎ ባለ የልብስ ስፌት ሱቅ ሱሪ ሳሳጥርና ዚፕ ስቀይር ስለምውል ምሳዬን የምበላው እነሱ ቤት ነው። እህቴ ታናሼ ናት። መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ረዳት ነበረች፤ ቀትር ላይ ትመለሳለች። እሱ የመሥሪያ ቤቶችን ኮምፒውተር ይጠግናል። በሥራው ጎበዝ ነው ይሉታል። ይሆናል። እኔ የማውቀው ቤቱ ያስገባውን ጉድ ነው።

መጀመሪያ ቀበቶው ላይ የሚሰካ፣ ፔጀር የሚሉት መጥሪያ ነበረው። ከዚያ ፔሌፎን ገዛ፤ የእጅ ስልክን እዚህ አገር እንደዚያ ነው የምንለው። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ጨመረ። "ሁለት ምን ያደርግልሃል?" ስለው "አንዱ ቢበላሽስ?" አለኝ። የሚደውልለት ሰው ደግሞ በአብዛኛው እህቴ ነበረች፤ እሷም የምትደውለው ዳቦ ገዝቶ እንዲገባ ነው።

አንድ ሰሞን የሚናገር ሚዛን አመጣ። የወጣበትን ሰው ክብደት በዕብራይስጥ ጮክ ብሎ ያውጃል። እህቴ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር "ነይ እስቲ ውጪበት" ይላታል። ጥቂት ጊዜ ታገሠችው፤ ከዚያ ሚዛኑን አንስታ አልጋ ሥር ሸጎጠችው። እዚያም ሆኖ ድመቷ ስትረግጠው ይናገር ነበር።

የቤታቸው ግድግዳ ወፍራም ድንጋይ ነው። በጋ ይቀዘቅዛል፣ ክረምት ነፋስ አያስገባም። ከውጭ አገር የመጣ ሰው ቆሞ ፎቶ ያነሣዋል። እሱ ግን ያን ግድግዳ እንደ ጠላት ነበር የሚያየው፤ የስልኩን ሞገድ ይበላብኛል ይላል። ስለዚህ ሲደወልለት እየሮጠ ይወጣና እዚያው ካለው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በር ፊት ለፊት፣ ጠባቡ መንገድ መካከል ቆሞ ይጮኻል። መነኮሳቱ ለጸሎት ሲገቡ ሲወጡ እሱን ዞረው ነው የሚያልፉት።

ምሳ በልቼ ስወጣ አንድ ቀን እዚያው በር ላይ አገኘሁት። ከሳተላይት ጋር የሚነጋገር መሣሪያ ገዝቷል። ጡብ የሚያህል ነገር ወደ ሰማይ አንጋጦ ይዞ፣ በሩ ጥላ ሥር ለተቀመጡ አንዲት እማሆይ ያስረዳቸዋል።

"ይኸው እማሆይ፣ አሁን የቆምንበትን ቦታ በትክክል ይነግረናል።"

"ምን ይላል?"

"ቁጥር ነው የሚያወጣው። ቁጥሩን ከካርታ ጋር ሲያስተያዩት…" ኪሱን ዳበሰ፤ ካርታ አልያዘም። "ባጭሩ ኢየሩሳሌም ነን ነው የሚለው።"

"እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ እማሆይ። መቁጠሪያቸውን ቀጠሉ።

እኔ ሳቄን አፍኜ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። እሱ ግን የተመሰገነው እግዚአብሔር ሳይሆን መሣሪያው መስሎት እስከ ማታ ደስ ብሎት ዋለ።

ሁለተኛ ልጃቸው በተወለደች ሰሞን አንድ መጽሔት አነበበ። ያነበበውን ነገር ምሳ ላይ ይዞት መጣ።

"ከተማ አልቆለታል" አለ። "ከእንግዲህ ቢሮ የሚባል ነገር አይኖርም። ሰው ገጠር ተቀምጦ በኢንተርኔት ይሠራል። ንጹሕ አየር፣ ሰፊ ግቢ፣ ዶሮ…"

"ዶሮውን ማን ሊጠብቅ?" አለች እህቴ።

"ማንም። ሁሉም አውቶማቲክ ነው።"

"እኔ እኮ ሥራዬ እዚህ ነው። ሐኪሜ እዚህ ነው። እታለም እዚህ ናት" ብላ ወደ እኔ ጠቆመች።

"እታለምም ትመጣለች። ሪሞት እሰጣታለሁ፤ በሩን ራሷ ከፍታ ትገባለች።"

እናታችን ካረፉ ወዲህ አባታችን ከእኔ ጋር ጊሎ ሰፈር ነበር የሚኖሩት። ማታ ነገሩን ነገርኳቸው። እኛ ቤተ እስራኤል ነን፤ እሳቸው ሰንበት አጥባቂ፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው።

"ገጠር ሊሄድ? ሊያርስ ነው?"

"አያርስም አባዬ።"

"ከብት ሊያረባ?"

"ዶሮ ነው የሚለው። እሱንም መሣሪያ ነው የሚያረባልኝ ይላል።"

አባዬ "ታዲያ እሱ እዚያ ምን ይሠራል?" አሉ።

እህቴ አለቀሰች፣ ተቆጣች፣ በመጨረሻ ዕቃዋን ጠቀለለች። ቤት ሼሜሽ ከምትባለው ከተማ ወዲያ፣ ሸለቆ ውስጥ ያለች ሞሻቭ ገቡ፤ ሞሻቭ የገበሬዎች መንደር ነው። የተከራዩት ቤት ሰፊ ግቢና ባዶ የዶሮ ቤት አለው። ለስልክ ሞገድ ብሎ ከድንጋይ ቤት የሸሸ ሰው፣ ዙሪያውን ተራራ የከበበው ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ሰው ሊያናግር ሲፈልግ መኪናውን አስነሥቶ አቀበቱን ይወጣል።

እህቴ ልጆቹን ስታለምድና ሣጥን ስትፈታ እሱ ሽቦ ይዘረጋ ነበር። ከወጥ ቤቱ ቀጥሎ ባለችው ክፍል አንድ ኮምፒውተር ተከለ፤ የቤቱ መብራት፣ ማቀዝቀዣው፣ ራዲዮው፣ የአትክልቱ ውኃ፣ የግቢው በር፣ ሁሉም የሚታዘዘው ለዚያ ነው። ዶሮም ገዛ፤ የዶሮ ቤቱ በር ደግሞ ብርሃን የሚለካ ዓይን አለው። ሲነጋ ይከፈታል፣ ሲጨልም ይዘጋል።

በመጀመሪያው ክረምት አንድ ቀን ገና ከሰዓት በኋላ ሰማዩ በደመና ጠቆረ። በሩ መሸ ብሎ ተዘጋ፤ ዶሮዎቹ ውጭ ቀሩ። እሱ ከተማ ነበር። እህቴ ልጆቹን ይዛ ጎረቤት ስለተጠለለች አላየችም። ዝናቡ አባርቶ ስትመለስ ግቢው ሙሉ ላባ ነበር። የዚያ አካባቢ ቀበሮ ቀን ከሌት አይልም።

ስልክ ደውዬ "ምን ሆኖ ነው?" ስለው የመለሰልኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

"መሣሪያው እኮ አልተሳሳተም። ጨለማ ነው ብሎ ለካ፤ ደግሞም ጨልሞ ነበር።"

በፀደይ አባዬን ይዤ ለሰንበት ሄድኩ። ዓርብ ከሰዓት ነው። እሱ በኩራት ተቀበለን። በሰንበት መብራትም ሆነ መሣሪያ በእጅ መክፈትና መዝጋት ስለማይፈቀድ፣ እዚህ አገር ሰንበት የሚያከብር ቤት ሁሉ ግድግዳ ላይ የሚሰካ ተራ የሰንበት ሰዓት አለው፤ መብራቱን በሰዓቱ ያጠፋል፣ ያበራል፣ የሰው እጅ አይነካውም። የእህቴ ባል ያንን ንቆታል።

"ያ የድሮ ነው አባዬ" አላቸው። "የእኔ ኮምፒውተር ቤቱን በሙሉ ያከብራል።"

"ቤቱ ሰንበት ያከብራል?" አሉ አባዬ።

"አዎ!"

ማታውን በደህና አሳለፍን። መብራቱ በሰዓቱ ጠፋ። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ እንደዚያ በመሆኑ ትንሽ ተናደድኩ።

ቅዳሜ ጠዋት አባዬ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም አዙረው ጸሎት ሲጀምሩ ሳሎን ያለው ራዲዮ ተከፈተ። መጀመሪያ በቀስታ ነበር፤ የሳሙና ማስታወቂያ። እህቴ ባሏን አየችው። እሱ ጣሪያ አየ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሥራ ቀን ከእንቅልፍ እንዲቀሰቅሰው ራዲዮውን አዝዞት ነበር፤ ቅዳሜን ከትእዛዙ ማውጣት ረስቷል። ቀስቃሹ ደግሞ ሰው መጥቶ ቁልፉን እስኪነካው ድረስ ድምፁን እየጨመረ የሚሄድ ነው። በሰንበት ቁልፍ የሚነካ ሰው በዚያ ቤት የለም። እሱ ራሱ ብቻውን ቢሆን ይነካ ነበር፤ በአባዬ ፊት ግን አልደፈረም።

ስለዚህ ጨመረ። ዜናው ጮኸ፣ ዘፈኑ ጮኸ፣ የመኪና ጎማ ማስታወቂያ መስኮቱን አንቀጠቀጠው። ትንሿ ልጅ አለቀሰች። የቀዘቀዘ ምግባችንን የእጅ ምልክት እየተሰጣጣን በላን። አባዬ በልተው ሲያበቁ ተነሥተው ወጡ፤ ከቤቱ ራቅ ብላ ካለች የበለስ ዛፍ ሥር ተቀመጡና ጸሎታቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ።

የአትክልቱ ውኃ የዚያን ጊዜ ተከፈተ።

ከሣሩ ውስጥ እየተሽከረከረ የሚረጭ ነገር ብቅ አለና አባቴን ከራስ እስከ እግር አጠባቸው። እኔ እየጮኽኩ ሮጥኩ። እሳቸው አልሮጡም። ቀስ ብለው ተነሡ፣ ጋቢያቸውን ጨመቁ፣ ወደ ፀሐይ ሄደው ቆሙ። የሰባ ዓመት አዛውንት፣ ነጭ ልብሳቸው ገላቸው ላይ ተጣብቆ፣ ከኋላቸው ራዲዮ ስለ እግር ኳስ እየጮኸ። የእህቴ ባል ደጃፍ ላይ ቆሞ "ውኃውንም ለማክሰኞ ነበር ያዘዝኩት፤ እንዴት ሊሆን ቻለ?" ይላል፤ ለእኛ ሳይሆን ለራሱ። ፎጣ ይዞ የመጣው እሱ አይደለም።

እህቴን የዚያን ቀን ነው በደንብ ያየኋት። ቀኑን ሙሉ አልተቆጣችም፣ አላጉረመረመችም። ፀሐይ ስትጠልቅ ግቢው መካከል ቆማ ሰማዩን ታይ ነበር። ከዋክብት ብቅ ሲሉና ሰንበት ሲወጣ ቀጥ ብላ ወደዚያች ክፍል ገባች፤ የኮምፒውተሩን ገመድ ከግድግዳው ነቅላ አወጣችው። ቤቱ ጸጥ አለ። ጆሮዬ ውስጥ ግን ጩኸቱ ቆየ።

"ምን አደረግሽ! በአግባቡ ካልተዘጋ እኮ ይበላሻል!" አለ።

"ይበላሽ" አለች።

"መሣሪያው ምን አጠፋ? የታዘዘውን ነው ያደረገው።"

አባዬ ገብተው ነበር። "ልጄ" አሉት፤ በጣም በቀስታ፣ "ልብሴ ደርቋል። ወደ ቤቴ አድርሰኝ።"

እስከ ጊሎ ድረስ ነዳን። በመንገዱ ሁሉ ስለ አዲስ ዓይነት ማቀዝቀዣ አወራ።

ገመዱ ከዚያ በኋላ አልተሰካም። እህቴ አዲስ ዶሮዎች ገዝታ በራቸውን በእጇ መክፈትና መዝጋት ጀመረች። አውቶቡስ እዚያ የሚያልፈው ሲፈልገው ስለሆነ መንጃ ፈቃድ አወጣች። የሞሻቩ መዋዕለ ሕፃናት ቀጠራት። ጎረቤቷ ያሉት አሮጊት ከኩርዶች አገር የመጡ ናቸው፤ ዕብራይስጣቸው ከእሷ አይሻልም፣ ግን ሁለቱ ቀኑን ሙሉ ሲያወሩ ይውላሉ። እያለቀሰች የሄደች ሴት በዓመቱ "ከተማ መጥተሽ እደሪ" ስትባል "ዶሮዎቹስ?" የምትል ሆነች።

ገጠር እንግባ ያላት እሱ ነው የሰለቸው። ኢንተርኔቱ በስልክ ሽቦ እየተንፏቀቀ ነው የሚመጣው፤ ዝናብ ሲጥል ይቋረጣል። ደንበኞቹ ደግሞ መጽሔቱን አላነበቡም፤ ኮምፒውተራቸው ሲበላሽ ሰው በአካል እንዲመጣላቸው ነው የሚፈልጉት። በየቀኑ ከተማ ይወጣል። ሲመሽበት እኔ ቤት ያድራል። "ዛሬን ብቻ" ይለኛል፤ ሶፋዬ ላይ ሥር ሰደደ። በየሶኬቱ ቻርጀር ሰካ። የስፌት መኪናዬን የምሰካበት ቀዳዳ አጣሁ። አባዬ ከመኝታቸው ተነሥተው ሲያልፉ የሆነ ነገር በእግራቸው ይረግጣሉ፤ ያፏጫል።

"እንግዲህ በቃ" አልኩት። "ሚስትህና ልጆችህ ቤት አላቸው። አንተ የመረጥከው ቤት ነው፤ እዚያ ግባ።"

"እታለም፣ እዚያ እኮ ሞገድ የለም።"

"ሚስት አለች።"

ራሱን ነቀነቀ፤ ያልገባኝ እኔ ነኝ ማለቱ ነው። ከዚያ ፒስጋት ዘኤቭ በሚባል የከተማው ሰፈር፣ አሳንሰር ያለው ረጅም ሕንፃ ላይ አንዲት ክፍል ተከራየ። ለሥራ ነው አለ። ጣሪያው ላይ ምን ምን እንደ ሰቀለ ሄጄ ለማየት አልፈለግሁም።

የተፋቱ መስሏችሁ ይሆናል። አልተፋቱም። በሚቀጥለው በጋ እህቴ ዘንድ ሄጄ፣ ግቢዋ ውስጥ ተቀምጠን ባሚያ ስንቀነጥስ ጠየቅኋት።

"ለምን አትፈቺውም?"

"ለምን ብዬ?" አለች።

"ገጠር አምጥቶሽ ጥሎሽ ሄደ እኮ!"

"ዓርብ ዓርብ ይመጣል። ልጆቹን ያጫውታል። ዕቃዎቹን መኪናው ውስጥ ትቶ ነው የሚገባው፤ በዚህ ተስማምተናል። ቅዳሜ ማታ ይሄዳል። ሌላውን ቀን ቤቱ የእኔ ነው።" ባሚያዋን ወደ ሳህኑ ጣለች። "የመንደሩን ሴቶች ጠይቂያቸው፤ ግማሾቹ ይቀኑብኛል።"

እሷ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ሰው እንዲህ ያለውን ባል እንዴት በሳቅ እንደሚችለው አልገባኝም፤ አሁንም አይገባኝም። አባዬ ግን ኮምፒውተሩ ከተነቀለ ወዲህ እዚያ መሄድ ይወዱ ነበር። ዓርብ እሱ ሲገባ "ደህና ነህ ልጄ" ይሉታል፤ ከዚያ ወዲያ ምንም አይጨምሩም። እኔም ያንኑ ያህል ብቻ እለዋለሁ፤ "ልጄ" የሚለውን ትቼ።