ራፕን ልቃወም ወጥቼ

ዛሬ ቸርች ውስጥ የራፕ ግጥም በቃሌ አንበለበልኩ። ያውም መድረክ ላይ፣ ያውም ማይክ ይዤ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ወጣቶቹን ስለ ዓለማዊ ሙዚቃ እንዳስተምር ተመደብኩ። እኔ ደግሞ ራፕ ሰምቼ አላውቅም። ሳይሰሙ መቃወም ደስ አይልም ብዬ፣ ሰሞኑን የሐዋሳ ባጃጅ ሁሉ የሚያጫውተውን አልበም አወረድኩ።

መጀመሪያ ለጥናት ሰማሁት። ሁለተኛ ጊዜ የሰማሁት ማስታወሻ ለመያዝ ነበር። ከዚያ በኋላ ሐይቅ ዳር እየተንሸራሸርኩ የሰማሁትን ጌታ ይቁጠረው።

ዛሬ "እስቲ የሚለውን ስሙት!" ብዬ አንድ ስንኝ ልጠቅስ ጀመርኩና ማቆም አቃተኝ። ትንፋሽ የሚወሰድበትን ቦታ እንኳ አልሳትኩም። ወጣቶቹ ቀጣዩን በአንድ ድምፅ ተቀበሉኝ።

የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጋሽ ጴጥሮስ ፊት ወንበር ላይ ነበሩ፤ ፈገግ እንኳ አላሉም። ፕሮግራሙ ሲያልቅ በር ላይ ጠበቁኝ። አለቀልኝ አልኩ።

ጠጋ ብለው "ልጄ፣ ከአልበሙ ሰባተኛውን ዘፈን ለምን ዘለልከው? ሰውዬው ንስሐ የሚገባው እኮ እዚያ ላይ ነው" አሉኝ።

እናንተስ? ልትቃወሙት ሄዳችሁ ይዟችሁ የቀረ ነገር የለም? ኮመንት ላይ ተናዘዙ። ጋሽ ጴጥሮስ ፌስቡክ የላቸውም ልላችሁ ነበር፤ አሁን ግን እርግጠኛ አይደለሁም።