ለቀጭን እጅ የተሞላ ጥይት

አንድ አዛውንት ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ዝናብም ቢሆን፣ ኬናይ ወንዝ አጠገብ ወዳለው የተኩስ መለማመጃችን ይመጣሉ። ስማቸውን ጠይቄ አላውቅም። የያዙት እኛ አላስካዎች ዓሣ ልናጠምድ ስንወርድ ድብ ፈርተን የምንታጠቀውን፣ አፈ ሙዙ አጭር፣ ጥይቱ ግን አውራ ጣት የሚያክል ሽጉጥ ነው። ጥይቱን ቤታቸው ራሳቸው ይሞላሉ፤ በየጊዜው ባሩዱን ትንሽ ትንሽ እየቀነሱ ልኩን የጥይት ሣጥኑ ክዳን ላይ ይጽፋሉ።

ቀኛቸው ደህና ሆኖ ሳለ በደካማው ግራ እጃቸው ብቻ ይተኩሳሉ። ሽጉጡ በተራገጠ ቁጥር አንጓቸውን እያሹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከዚያ ቀልሃውን አንድ ሳያስቀሩ ይለቅማሉ።

«አባባ፣ ከዚህ በላይ ከቀነሱማ ድቡ እየሳቀ ነው የሚበላዎት!» አላቸው ባልደረባዬ ዋልት።

«ለእኔ መች ሆነና። የልጄ እጅ ቀጭን ነው፤ ገና ይራገጥባታል።»

«ታዲያ ይዘዋት ይምጡና ትሞክረዋ!»

«ትመጣለች። መጀመሪያ ይለዝብላት።»

ይህን ማለት ከጀመሩ ሦስተኛ ዓመታቸው ነው። አጠገባቸው ባለው ባዶ ወንበር ላይ ሁልጊዜ አንድ ትንሽ የጆሮ መከላከያ ያስቀምጣሉ። እስካሁን ከላስቲኩ አልወጣም።