ለስኳር ብዬ ብሄድ ሽማግሌ ተላከብኝ

ትናንት አመሻሹ ላይ ከሱቅ ስመለስ ሦስት ሽማግሌዎች በራችን ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ግቡ፣ ተቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ።

«እሺ ሳትይን አንቀመጥም።»

ለምኑ ነው እሺ የምለው? ልጅ ሊጠይቁ ነው እንዳልል ሴት ልጅ የለኝም...

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮኪት በምትባል የቆላ ከተማ ውስጥ የሰሊጥ ጆንያ እሸጣለሁ። ቀኑን ሙሉ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው የምውለው። ከሁለት ወር በፊት ስመረመር ነርሷ «ስኳር ደጅሽ ላይ ቆሟል፣ ገና አልገባም። በየቀኑ በእግርሽ ከሄድሽ ሊመለስ ይችላል» አለችኝ። እናቴ በስኳር አንድ እግሯን አጥታ ነው የሞተችው። በማግስቱ ሸራ ጫማ ገዛሁ።

የቆላውን ፀሐይ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ከረፈደ አይሞከርም። ጎህ ሲቀድ እነሳና አስፋልቱን ይዤ እስከ ሰሊጥ መጋዘኑ ደርሼ እመለሳለሁ። ግን ማን ያስሄደኛል? ባጃጅ ይቆማል፣ ትራክተር ይቆማል፣ የጭነት መኪና ሳይቀር ይቆማል።

«ነይ ውጪና ላድርስሽ፣ የት ነሽ?»

«የትም።»

«የትም ማለት?»

አንዱ የትራክተር ሹፌር ባለፈው ሳምንት ትክ ብሎ አየኝና «አይዞሽ እህቴ፣ ያልፋል» ብሎኝ ሄደ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ወደ ሽማግሌዎቹ ልመለስ። የሰፈራችን ትልቅ ሰው አያ ሞላ ጀመሩ።

«ልጄ፣ ሴት ልጅ በማለዳ ባዶ እጇን ከቤቷ የምትወጣው ቢከፋት ነው። በየቀኑ ጥለሽው ትሄጃለሽ፣ ደግሞ አንጀትሽ አልችል እያለ ትመለሻለሽ። ይብቃ፣ ታረቁ።»

ባሌ ደሴ ታጥቦ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ከጓሮ ብቅ አለ። «ከማን ጋር ነው የምታረቀው?»

«ይኸው፣ ካደ» አሉ ሁለተኛው ሽማግሌ።

ስኳር ነው፣ ሐኪም አዞኝ ነው ብል ማን ይስማኝ። ሦስተኛው «ገመናሽን መሸፈንሽ ጨዋነትሽ ነው» አሉኝ። እውነቱን በተናገርኩ ቁጥር የኔ ጨዋነት እየጨመረ፣ የደሴ በደል እየከበደ ሄደ።

ሽማግሌ ደግሞ አቁሞ ማቆየት ነውር ነው። ምን እናድርግ... የሌለውን ጠብ ታረቅን። ጉልበታቸውን ሳምን። ደሴ ሁለተኛ አላስከፋትም ብሎ ማለ፣ በዓይኑ ግን እኔን እየበላኝ ነበር። ከዚያ አያ ሞላ ፍርዱን ሰጡ።

«ከነገ ጀምሮ አስፋልት ለአስፋልት መሄድ የለም። ከላስ፣ አለቀ።»

የእናቴ እግር ትዝ አለኝና እንባዬ መጣ። የደስታ መስሏቸው መረቁኝ።

ከወጡ በኋላ አያ ሞላ ብቻቸውን ተመለሱ። ከዘራ የረሱ መስሎኝ ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

«እውነት ሐኪም ነው ሂጂ ያለሽ?»

«እውነቴን ነው አያ።»

«እኔንም ስኳር አለብዎት፣ በእግርዎ ይሂዱ ብለውኛል። ግን በዚህ ዕድሜዬ ያለ ጉዳይ ብዞር አበደ አይሉኝም?» ማንም እንዳልሰማ ዞር ብለው አዩ። «ነገ ውጪ። እኔ ልመልስሽ ብዬ እከተልሻለሁ።»

ዛሬ ጠዋት ሄድን። እኔ ከፊት፣ እሳቸው ከዘራቸውን ይዘው ከኋላ። ባጃጅ ሲቆም «እለፍ ልጄ፣ እያስታረቅሁ ነው» ይላሉ፣ ባለ ባጃጁም አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። በሁለት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ሳይጨቀጭቀኝ መጋዘኑ ደርሼ ተመለስኩ።

ስንለያይ «ነገም አልታረቅሽም፣ እሺ?» አሉኝ።

እሺ አልኩ። ምን ልበል?

ቤት ገብቼ ለደሴ የአያ ሞላ ስኳር እስኪወርድ ድረስ አንተ በዳይ ሆነህ መቆየት አለብህ አልኩት። ፎጣውን ወርውሮ ወጣ፣ እስካሁን አላናገረኝም።

አሁን የምር ተኳርፈናል... የአስታራቂያችን ስኳር ግን ገና አልወረደም።