ክንፎቹ ለማን ቆሙ

ቅዳሜ ቅዳሜ ልጄን ይዤ ዱቄት ልገዛ ወደ ነፋስ ወፍጮው ስሄድ የማገኛቸው አንዲት አዛውንት አሉ። ግራጫ የዝናብ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብለው ከቤት ያመጡትን ዳቦ በአይብ ይበላሉ። ፍርፋሪውን በጣታቸው ለቅመው ሳይጨርሱ አይነሱም። ሰላምታ ይሰጣሉ እንጂ ጨዋታ አይጀምሩም።

ዛሬ ግን ዳቦውን ሳይከፍቱ ወደ ባለወፍጮው ወደ ቲመን ሄዱ።

«ክንፎቹን ለሐዘን ታቆምልኛለህ?»

እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ወፍጮው ይቆማል፤ በነፋስ ከሚዞሩት አራት ክንፎቹ ላይኛው ከመሃል ጥቂት አለፍ ብሎ። ያየ ሁሉ ሐዘን መኖሩን ያውቃል።

«ማን ሞተብዎት?»

«ወንድሜ። ማክሰኞ ቀበርኩት። እኔና ሬሳ ተሸካሚዎቹ ብቻ ነበርን።»

ቲመን ዱቄት የነካውን ጢሙን አሸት አሸት አደረገ። «እትዬ፣ እንዲህ ያለ ነፋስ ሁልጊዜ አይገኝም እኮ! ደሞ ወንድምዎን እዚህ መንደር የሚያውቀው የለም። ሰው ሁሉ ማን ሞተ እያለ ሊያደርቀኝ ነው።»

«ይጠይቅ እንጂ! እስካሁን አንድ ሰው እንኳ አልጠየቀኝም።»

ቲመን ወጥቶ የፍሬኑን ገመድ ሳበ። የወለሉ መንቀጥቀጥ ቀስ በቀስ ከእግራችን ሥር ጠፋ።

ብዙም ሳይቆይ አንዲት ጎረቤት ብስክሌቷ ላይ እንዳለች «ቲመን! ደግሞ ማን ሞተ?» ብላ ጮኸች። እሱም በአገጩ ወደ አዛውንቷ ጠቆማት።

ሴትዮዋ ካፖርታቸውን አስተካክለው ወደ በሩ ወጡ። «ሩሎፍ ይባላል» ብለው ጀመሩ።

ጎረቤቲቱ ከብስክሌቷ ወረደች።