የጋሽ ዘፋኝ የለው ሁለተኛ ገጽ

ካሴት ንጉሥ በነበረበት በዚያ ደግ ዘመን፣ ጋሽ ዘፋኝ የለው ገና ጎረምሳ ሳለ፣ አንድ ሙዚቃ ቤት ውስጥ ካሴት ቀጂ ነበር። ቀኑን ሙሉ የሰው ዘፈን ሲቀዳ ይውልና ቤቱ ሲገባ ኪቦርዱን ጭኑ ላይ ያስቀምጣል። ከበሮ የምትመታ አንዲት ትንሽ ማሽንም ነበረችው። ቤቱ ያኔ አንድ ክፍል ነው፤ ወዴት ይኬዳል? ሚስቱ ሽንኩርት እየከተፈች፣ «ኧረ በፈጠረህ! ይሄ ጢን ጢን ጭንቅላቴን አዞረው!» ትለዋለች። እሱ ግን ወይ ፍንክች።

እንዲህ እንዲህ እያለ አልበም ወጣው። አቤት የዚያን ቀን ኩራቱ! የሙዚቃ ቤቱ መስታወት ላይ ደርድሮት በረንዳ ላይ ወጥቶ ያየዋል፣ ገብቶ ያየዋል። ሰፈሩንም ሁሉ «ሰማችሁት? እንዴት ነው?» እያለ ሲጠይቅ ይውላል።

ምን ያደርጋል፣ ሳምንት ሳይሞላ የገዙት ሁሉ ይመልሱለት ጀመር። «ወንድሜ፣ ካሴቱ ተበላሽቷል፤ ዘፋኙ አይሰማም» ይሉታል። አንዲት እናትማ ተቆጥተው፣ «አንተ ልጅ፣ አሁን ይገባል አሁን ይገባል ብዬ ስጠብቅ አለቀ እኮ!» አሉት። «እናቴ፣ ዘፋኝ የለውም፤ ሙዚቃው ራሱ ነው» ቢል ማን ሰምቶት። ስሙ በዚያው ዘፋኝ የለው ሆኖ ቀረ።

የሚያንገበግበው ይሄ አይደለም። ባዶ ካሴት እንደ ልብ አይገኝምና፣ በተመለሰው ካሴት ላይ ደንበኛው የመረጠውን ዘፈን ቀድቶ ይሰጥ ነበር። የገዛ ሥራውን በገዛ እጁ! አንድ ቀን በጥድፊያ ዋናውንም ቅጂ ከተመለሱት ጋር ቀላቅሎ ደመሰሰው። ከዚያ ወዲያ «ለማን ብዬ?» አለና ኪቦርዱን አልጋ ሥር ከተተው።

ፀጉሩ ከሸበተ በኋላ ነው እንግዲህ የእህቱ ልጅ ስልኳን ይዛ እየሮጠች የመጣችው። «ጋሼ፣ ይሄ ያንተ አይደለም እንዴ?» አንድ የታክሲ ሹፌር አሮጌ መኪና ሲገዛ የመኪናው በር ኪስ ውስጥ ካሴት ያገኛል፤ የመጀመሪያውን ገጽ ኢንተርኔት ላይ ይለቀዋል። አገር ምድሩ ተቀባበለው። የዛሬ ሰው ቪዲዮ ቀርፆ በላዩ ላይ ራሱ ማውራት ይፈልጋላ! ፀጉር የምትሠራዋም፣ ቤት የሚያከራየውም፣ ልጇን የምታስመርቀዋም እሱን ከሥር ያስገባሉ። ዘፋኝ ቢኖረው ኖሮ ወሬያቸውን ያቋርጥባቸው ነበር። ያኔ ያስጣለው ነገር ዛሬ አስወደደው። አይ ጊዜ!

አሳታሚ መጣ። «ጋሼ፣ ሙሉ አልበሙን እናወጣዋለን። ሁለተኛው ገጽስ?» አለው። ጋሽ ዘፋኝ የለው ላብ አጠመቀው። ሹፌሩ ያገኘው ካሴት ሁለተኛ ገጽ ላይ የሌላ ሰው የፍቅር ዘፈን አለበት፤ የቀዳውም ራሱ ነው።

ኪቦርዱን ከአልጋ ሥር አውጥቶ አቧራውን ጠረገ። ሞከረ፣ ተወው፣ ደግሞ ሞከረ። ጣቶቹ እንደ ባዳ ዝም አሉት። ያ ሁሉ የወጣትነት ዘመን የት ገባ? አልቅስ አልቅስ አለው።

«እሱ አይደለም» አለች ሚስቱ ከወጥ ቤት። «እዚያ ጋ ወደ ላይ ይወጣል።»

ቀና አለ። ሚስቱ ማማሰያዋን እንደያዘች ታንጎራጉራለች። የሁለተኛውን ገጽ የመጀመሪያ ዜማ ጨርሳ ሁለተኛውን ቀጠለች፣ ከዚያ ሦስተኛውን። እሱ ራሱ የረሳትን፣ መሐል ላይ ከበሮዋ ለአፍታ ዝም የምትልባትን ቦታ እንኳ አልዘለለችም፤ ጠብቃ ገባች። እሱ እየተከተላት በእንባ መሐል ይጫወታል። ሰሚ ሳላገኝ ቀረሁ እያለ ስንት ዘመን አንጀቱ ሲያር ኖሯል!

«ትጠይው አልነበር እንዴ?» አላት።

«ጭንቅላቴን አዞረው አልኩህ እንጂ መች ጠላሁት አልኩህ?»

«ታዲያ ምነው አንድ ቀን እንኳ ሳትነግሪኝ?»

እሳቱን ቀነሰችና ዞር ብላ አየችው።

«ሰፈሩን ሁሉ ስትጠይቅ» አለችው፣ «እኔን መች ጠየቅኸኝ?»