እርጥብ ጥላ ያላቸው ሰዎች

ጋሽ ታምሩ የካውያውን ፍም ከመድፋቱ በፊት መድረስ ነበረብን። ልጅ ሳለሁ፣ በኬንያው ሞያሌ፣ የሰፈራችን ልጆች ሁሉ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ የምንቁነጠነጠው ለዚህ ነበር። ጋሽ ታምሩ ልብስ ሰፊ ነው፤ ከድንበሩ ወዲያ በስደት መጥቶ እዚሁ የቀረ፣ ሚስትም ልጅም የሌለው ሰው። ሲመሽ የስፌት መኪናውን በአሮጌ ጨርቅ ይሸፍንና በከሰል ካውያው ውስጥ የተረፈውን ፍም የወተት ጣሳ ላይ ይገለብጠዋል፤ እኛም በረንዳው ላይ ጣሳውን ከብበን እንቀመጣለን። የከሰሉ ጭስ፣ የተተኮሰ ጨርቅ ሽታና የጭነት መኪኖቹ አስነስተውት የሄዱት አቧራ ተቀላቅሎ አፍንጫችን ውስጥ ይቀራል። ያኔ መብራት በየምሽቱ ይጠፋ ስለነበር ፋኖሱን ቀደም ብሎ ይለኩሰዋል። እርስ በርሳችን ስንጫወት ኦሮምኛውንም ስዋሂሊውንም እንቀላቅላለን፤ የጋሽ ታምሩ ተረት ግን በአማርኛ ነበር።

ሁልጊዜ አጠገቤ የምትቀመጠው ሌንሴ ነበረች። እሷና እናቷ እትዬ ዲንቄ ከእኛ ግቢ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ከወዲያ ከመጡ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። የሌንሴ አባት እዚያ ይፈለግ እንደነበርና የት እንደደረሰ እንደማይታወቅ እናቴ ለጎረቤት ስታንሾካሹክ ሰምቻለሁ። ኪፓንዴ፣ የኬንያ መታወቂያ ማለት ነው፣ አልነበራቸውም። «የእነ ሌንሴን ነገር ውጭ እንዳታወሪ» ብላኛለች እናቴ፣ አንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግማ። እትዬ ዲንቄ በየቅዳሜው ፀጉሬን ትሠራኝ ነበር። እጇ ለስላሳ ስለሆነ አላለቅስም።

ተረቱ ስለ አንዲት ከተማ ነው። ስሟን ስንጠይቀው ጋሽ ታምሩ «ስም ካወጣሁላት ሄዳችሁ ልትፈልጓት ነው» ይለናል። ከተማዋን ግንብ ለሁለት ከፍሏታል፣ ግንቡም አንድ በር ብቻ አለው። በላይኛው ሰፈር ሹማምንቱና ሀብታሞቹ ይኖራሉ፤ በታችኛው ደግሞ እርጥብ ጥላ ያላቸው ሰዎች። መልካቸው እንደ ማንም ሰው ነው፤ ጥላቸው ያረፈበት መሬት ግን ይረጥባል፣ ቆየት ካሉም ሣር ያበቅላል። ይህን የሰማን ቀን ሁላችንም ዞር ብለን በፋኖሱ ብርሃን ከኋላችን የተዘረጋውን ጥላችንን አየን። ጎልቦ በሚባለው ቆላ የአባቷ ከብቶች በድርቅ ያለቁባት ቦኬ የምትባል ልጅ «እንዲህ ያለ ሰው ቢኖረን አባቴ እንዴት ያከብረው ነበር» አለች።

«እነዚያም መጀመሪያ እንዲያ ብለው ነበር» አላት ጋሽ ታምሩ።

ላይኞቹ ውኃውን ይወዳሉ፣ ሰዎቹን ይጸየፋሉ። ጠዋት በሩ ሲከፈት እግራቸው ላይ ቃጭል አስረው ወደ ሹማምንቱ የአትክልት ቦታ ይነዷቸዋል። ሥራቸው መቆም ነው፤ ጥላቸው መደቡን ሁሉ እንዲያዳርስ ፀሐይዋን እየተከተሉ ሲዞሩ መዋል። መቀመጥ ክልክል ነው፤ የተቀመጠ ሰው ጥላው ያጥራላ። ሽማግሌ ነው፣ ነፍሰ ጡር ናት አይባልም። ጋሽ ታምሩ እዚህ ላይ ሲደርስ ይነሳና እጆቹን ጥሎ ቀስ እያለ ይዞርልናል፤ ግድግዳው ላይ የወደቀው ጥላውም አብሮት ይዞራል። ከግንቡ አምልጠው ላይኛው ሰፈር የገቡ፣ ስማቸውን ለውጠው ያገቡና የወለዱም ነበሩ። እነሱ የሚወጡት በደመና ቀን ነው። ፀሐይ ከሆነ ጃንጥላ ይይዛሉ፣ ወይም በሌላ ሰው ጥላ ውስጥ ተደብቀው ይራመዳሉ።

ንጉሡ አርጅቶ ነበር፣ ወራሽም የለው። ወንበሩን ሁለት ሰዎች ፈለጉት፣ የግምጃ ቤቱ ሹምና የበሩ ሹም። የበሩ ሹም አንድ ማለዳ ራሱን ተከናንቦ ወደ ታችኛው ሰፈር ወረደና ሰፈርተኛው ሁሉ ቃላቸውን የሚሰማቸውን አሮጊት አነጋገራቸው። «ለአንድ ወር ከቤት አትውጡ። አትክልቱ ይድረቅ፣ ጉድጓዱም ይድረቅ። ሕዝቡ ግምጃ ቤቱን በያዘው ሰው ላይ ይነሳል። እኔ ስቀመጥ በሩን ነቅዬ እጥለዋለሁ» አላቸው። አሮጊቷ ሰባት ጊዜ አስማሉት። ሰዎቹ እንደተባሉት አደረጉ፤ ወታደር ቢደበድባቸውም አልወጡም፣ ከመካከላቸውም የሞተ አለ። ከተማው ተጠማ፣ የግምጃ ቤቱ ሹም በገዛ አሽከሮቹ ተገደለ፣ የበሩ ሹም ነገሠ። በሩ ግን አልተነቀለም። አዲሱ ንጉሥ ዙፋኑ ላይ ተቀምጦ ሲያስብ አንድ ነገር ታየው፤ እሱን ሊያነግሡ ውኃ የከለከሉ ሰዎች፣ ነገ እሱንም ሊያወርዱ ይችላሉ። አንድም እንዳይቀር፣ ላይኛው ሰፈር የተደበቁትም ጭምር እንዲለቀሙ አዘዘ።

አንድ የማላውቀው ሰው ወደ ሰፈራችን የመጣው ተረቱ እዚህ በደረሰበት ሳምንት ነው።

ቧንቧው ጋ ጀሪካኔን አሰልፌ ተራ ስጠብቅ አገኘኝ። ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ ደብተር የያዘ ሰው ነበር፤ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም ይችላል። ማን እንደላከው እስከ ዛሬ አላውቅም። አጎበር ሊታደል ስለሆነ ቤቶቹን እየመዘገብኩ ነው አለኝ። የማን ቤት ስንት ልጅ እንዳለው ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። «ጎበዝ ነሽ፤ ትልልቆቹ እንኳ እንዳንቺ አጥርተው አይናገሩም» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ሳይለውጥ፣ ኪፓንዴ የሌላቸው፣ ከወዲያ የመጡ ሰዎች ካሉ እነሱ ይቀደማሉ አለ።

ለሌንሴ አጎበር እንዲደርሳት ብዬ ነው የተናገርኩት። ለራሴ ስንት ዓመት እንዲህ እያልኩ ነግሬዋለሁ፣ ውሸትም አይደለም። ነገር ግን እስክሪብቶው በእኔ ቃል ሲንቀሳቀስ ማየት ደስ ብሎኝ ነበር። የእናቴን ማስጠንቀቂያም አልረሳሁትም ነበር። የእትዬ ዲንቄን ስም ከነአባቷ ተናገርኩ፤ የትኛው በር እንደሆነም በጣቴ አሳየሁት።

በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ከሌንሴ ጋር ስንመለስ የክፍላቸው በር ተከፍቷል። ግቢው መሐል አረፋው ያልጠፋ የልብስ ሳፋ አለ፤ ግማሹ ልብስ ገመድ ላይ ተሰጥቷል፣ ግማሹ እንደተዘፈዘፈ ነው። ሌንሴ እናቷን እየጠራች ክፍሏ ገባች፣ ወጣች፣ ሽንት ቤቱን አየች፣ ተመልሳ ገባች። አንዲት ጎረቤት መጥታ እትዬ ዲንቄን ሰዎች መኪና ላይ እንደጫኗት ለእናቴ በጆሮዋ ነገረቻት። እኔ ሰማሁ። ሌንሴ ሁለት ቀን እኛ ጋ አደረች፣ ከዚያ አክስቷ ከወዲያ መጥታ ወሰደቻት። እትዬ ዲንቄን ከዚያ ቀን በኋላ አየኋት የሚል ሰው አልተገኘም። አጎበር ለማንም አልታደለም።

ጋሽ ታምሩ ለብዙ ቀን ተረት አላወራም። እንደገና ሲጀምር ልጆቹ ቀስ በቀስ ተመለሱ፣ እኔም ሄድኩ። የሌንሴ ቦታ ባዶ ስለሆነ የማላውቀው ልጅ ተቀመጠበት። አዲሱ ንጉሥ፣ አለ ጋሽ ታምሩ፣ የተደበቁትን ማግኘት አቃተው። ወታደሮቹ መለየት አልቻሉም፤ የሚያውቋቸው ጎረቤቶችና ባሎችም ዝም አሉ። ስለዚህ ፈገግታ የሚችል አንድ ሰው መረጠና ወደ ልጆቹ ላከው። አንዲት ልጅ ጃንጥላዋ ከእጇ የማይለየውን፣ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገቻትን ሞግዚት በጣቷ አሳየች። የተለቀሙት ሁሉ መስኮት የሌለው አዳራሽ ውስጥ ተዘጋባቸው። ፀሐይ በሌለበት ጥላ የለም፣ ጥላ ከሌላቸው ደግሞ እነሱ አይኖሩም። ሲከፈት ወለሉ ላይ ቃጭል ብቻ ተገኘ። ከተማዋም በዚያው ዓመት ደረቀች፤ ላይኛው ሰፈርም ባዶውን ቀረ።

ያንን የተረቱን ክፍል ቀድሞውኑ ያውቀው ይሁን ከሰፈራችን ይውሰደው ጠይቄው አላውቅም። ጂሎ የሚባለው ትልቁ ልጅ «ያቺን ልጅ መግደል ነበር» አለ። ሌሎቹም ተስማሙ፤ አንዱ በድንጋይ፣ አንዱ በገመድ እያለ የሚገድልበትን መረጠ። ጣሳው ውስጥ ያለው ፍም አመድ ለብሶ ነበር። እኔ አንገቴን እንደደፋሁ «ልጅቷስ ምን ሆነች?» አልኩ።

«ምንም አልሆነችም» አለ ጋሽ ታምሩ። «አደገች።»

«ማንም አልነካትም?»

«ማንም አላወቀም።»

ድምፄ ይሁን ፊቴ የነገረው እንጃ፣ ቀና ስል እያየኝ ነበር። ልጆቹን ወደየቤታችሁ አላቸውና እኔን ፋኖሱን ይዞ እስከ ግቢያችን በር ሸኘኝ። እንዲህ አድርጎ አያውቅም። በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ለራሱም የሚያወራ በሚመስል ድምፅ፣ «የጠየቀሽ ትልቅ ሰው ነው፣ አንቺ ልጅ ነሽ። ኃጢአቱ የሱ ነው። ግን ሐሊማ፣ እንዳልተናገርሽ አድርገሽ ለራስሽ አታውሪ» አለኝ። ለእናቴ አልነገራትም። ከዚያ በኋላም በረንዳው ላይ ተረት ሲያወራ ሰማሁ፣ እኔ ግን አልሄድኩም።

ሌንሴን ያገኘኋት ከስንት ዓመት በኋላ ነው፣ ትምህርት ልጨርስ ስል። ድንበሩን ተሻግሬ ጨርቅ ልገዛ የገባሁበት ሱቅ ውስጥ ትሸጥ ነበር። መጀመሪያ ያወቀችኝ እሷ ናት። አቅፋኝ አለቀሰች፣ ለስላሳ አስመጣችልኝ። እሷና አክስቷ ስለ እናቷ ያልጠየቁት ቢሮ፣ ያልጻፉት ማመልከቻ እንደሌለ ነገረችኝ። «አሁን መበቀል አይደለም የምፈልገው» አለች ጨርቁን እያጠፈች። «ብቻ ማን እንደጠቆመ ባውቅ፣ እተኛ ነበር። እናትሽ የሰማችው ነገር የለም?»

«የሰማችው የለም» አልኳት። ይህ እውነት ነበር። እኔስ የማውቀው እንዳለ አልጠየቀችኝም፤ ብጠየቅ ምን እንደምመልስ ግን አውቀዋለሁ፣ አፌ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር።

ከጋሽ ታምሩ ተረቶች ብዙው ጠፍቶብኛል። አሮጊቷ ሹሙን ያስማሉበትን ቃል አላስታውሰውም፣ እሱም ከሞተ ቆይቷል። አንዳንድ ጊዜ፣ በተለይ ልጄ ከማያውቃት ሰው ጋር ስታወራ ሳይ፣ ያቺ የከተማዋ ልጅ ካደገች በኋላ እንዴት ትኖር እንደነበር አስባለሁ፤ ጋሽ ታምሩ ያላወራው ያንን ነው። እኔ የማውቀውን ያህል ግን እንደ ማንም ሰው ነው የሚኖረው። ይሠራል፣ ይገበያል፣ ልጅ ይወለዳል። ሌንሴ በየበዓሉ ትደውልልኛለች። የባሌን ጤና ትጠይቃለች፣ የልጄን ትጠይቃለች፣ ከዚያ ሁልጊዜ ሳትረሳ «እናትሽስ ደህና ናት?» ትለኛለች። ደህና ናት እላታለሁ። እኔም በተራዬ የምጠይቃት ነገር እፈልጋለሁ፣ ዝናብ ዘንቦ እንደሆነ እጠይቃታለሁ።