የእናቴ ሰኞና ሐሙስ

ወንድሜ ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር እሄዳለሁ ብሎ በሚኒባስ እንደወጣ ደብዛው ጠፋ። ከዚያ ወዲህ እናቴ ሰኞና ሐሙስን መጾም ጀመረች። ሱና እንጂ እንደ ረመዳን ግዴታ አልነበረም። እኔም ከዐረብ አገር ስመለስ አብሬያት ጾምኩ።

አንድ ሐሙስ የመግሪብ አዛን ተሰምቶ በቴምር ስናፈጥር፣ «እማ፣ በዚህ ጾም የሚመለስ ይመስልሻል?» አልኳት።

«አይመስለኝም» አለች። «መጀመሪያ እሱን እንዲመልስልኝ ብዬ ነበር። አሁን ለአላህ ብቻ ብዬ ነው የምጾመው። ማንም ሳያዘኝ የምሰጠው ሌላ ምን አለኝ?»

ጾሙ ለእሷ እረፍት እንደሆናት አያለሁ። እኔ ግን ከረሃቡ በቀር የተሰማኝ ነገር የለም። ወንድሜም አልመጣም። አሁንም እጾማለሁ፤ እሷ ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ እንጂ የምጠብቀው ነገር ኖሮኝ አይደለም።